የቀዝቃዛው ክፍል ጡብ

ማክሰኞ ጠዋት ሊንድሴ ኩምብ የዋላንቡል ከተማን ቄራ ሊዞር ሲወጣ፣ ከእህል ጎተራው ጀርባ አንዲት ሰማያዊ መኪና ቆማ አገኘ። ጣሪያዋ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተከምሯል። የአንድ ቀን ቅጠል አልነበረም። ቄራው ከተዘጋ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ጠባቂው ሊንድሴ ደግሞ ሰባ አንድ ሞልቶታል። እያነከሰ ሕንፃውን ክፍል በክፍል ፈትሾ፣ ከአራቱ ማቀዝቀዣ ክፍሎች የሦስተኛውን ወፍራም በር እጀታ ወደ ላይ አነሳ። ልጅቷ ከበሩ ኋላ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ካሜራዋ በሦስት እግሩ እንደቆመ ነው። የጣቶቿ መጋጠሚያዎች ተልጠዋል።

ፖሊስ የጠራው እሱ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪም እሱ ሆነ።

መርማሪ ኔሪዳ ኮይል ስትደርስ፣ ሽማግሌው በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። ሐኪሙ አጭር ቃል ሰጥቷታል፤ አየር አልቆባት ነው የሞተችው፤ ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ ንጋት ላይ። የበሩ ዳር ላስቲክ እስካሁን አልላላም፤ ግድግዳው የቡሽ ነው፤ ድምፅ አያሳልፍም፤ የስልክ ሞገድም አይገባም። ከውስጥ በሩን ይከፍት የነበረው መግፊያ ከሥሩ ተሰብሯል።

"ብሪዮኒ ካስል ትባላለች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው" አለ ኮንስታብል ቴቪታ። ከቶንጋ የመጡ ወላጆች ልጅ ነው፤ በማንኛውም በር ሲገባ በጎን መሆን ያለበት ግዙፍ ሰው። "ባዶ ሕንፃ እየገቡ ፎቶ ከሚያነሱት ናት። ሰው የሸሸውን እነሱ ይፈልጉታል። አክስቴ ብትሰማ ጸበል ታስረጫቸው ነበር።"

"በሩ እንዴት ነበር የተገኘው?"

"ተዘግቶ፣ እጀታው ወርዶ። ከውጭ ሰው ካላወረደው አይወርድም፣ አለቃ። ሞክሬዋለሁ።"

ኔሪዳ ወለሉን አየች። ከበሩ ውጭ፣ በስተግራ፣ ግድግዳው ሥር አንድ ጡብ አለ። አንድ ጎኑ አረንጓዴ አብቅሏል፤ አረንጓዴው ወደ ግድግዳው ዞሯል። ዙሪያውን አቧራ ከቦት፣ ልክ በራሱ አሻራ ላይ ተቀምጧል። ለምን እንዳየችው አላወቀችም። ግን አየችው።

በስተኋላዋ ቴቪታ ጉሮሮውን ጠረገ። "የግቢውን በር አይተሻል?"

አይታዋለች። በነጭ ቀለም፣ በጎበጡ ፊደላት "የገባ ይወቀው፤ እዘጋበታለሁ" ይላል። የሊንድሴ እጅ ጽሑፍ ነው።

*

የሊንድሴ ቤት ከቄራው አጥር ማዶ ነው። ሚስቱ ደልሲ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛለች። የሰውን ፊት ከረሳች አራት ዓመቷ ነው፤ የባሏን እጅ ግን ትለያለች፤ ከሌላ ሰው ማንኪያ አትቀበልም።

"ጽሑፉ ማስፈራሪያ ነው" አለ ሊንድሴ። "ወለሉ በስብሷል። ልጆቹ ወድቀው እንዳይሞቱ ብዬ ነው። 'እባካችሁ' ብዬ ብጽፍ የሚሰማኝ አለ?"

"ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ?"

"እዚሁ። ከእሷ ጋር።"

"ሌላ ያየዎት ሰው አለ?"

ደልሲ ቀና አለች። "እኔ ነኛ! ስንጨፍር ነው የዋልነው። ሰማያዊውን ቀሚሴን ለብሼ።"

ሊንድሴ ቀስ ብሎ ትከሻዋን ነካ። "ያ ቀሚስ ከተቀደደ ሃምሳ ዓመቱ ነው" አለ ለኔሪዳ። "በፍርድ ቤት ምስክርነቷ ይበቃሻል?" ከዚያ ትክ ብሎ አያት። "የፍራንክ ልጅ አይደለሽ? ከባሕር ማዶ ተምረሽ ስትመለሺ አነጋገርሽ ተለወጠ እንጂ፣ ፊትሽ ያው የአባትሽ ነው። እሱ 'እርስዎ' አይለኝም ነበር። ሦስት ቁጥር ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት አብረን ሥጋ ሰቅለናል።"

ኔሪዳ ማስታወሻዋን አጠፈች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከዚህ ከተማ ስትወጣ፣ አባቷ ከሚሠራበት ሕንፃ የሚመጣውን ሽታ ከልብሷ ማጠብ ነበር የምትፈልገው። ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ለምን እንደተመለሰች ሲጠይቋት በየጊዜው ሌላ መልስ ትሰጣለች።

*

የሕንፃውን ፕላን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት አገኘች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ኢቮን ሃርግሪቭ ስልሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ቀጭን ሴት ናት፤ አቧራ እንዳይነሳባት የምትፈራ ይመስል ወረቀቱን ቀስ ብላ ዘረጋችው።

"ልጅቷን አውቃት ነበር" አለች። "በአሥራ አምስት ዓመቷ እዚህ ትመጣ ነበር፤ ስለ አሮጌ ሕንፃ መጻሕፍት ልትጠይቅ። ወለሉ ከድቷት ወድቃ ነው?"

"ገና እየመረመርን ነው።"

"ወለሉ መጥፎ ነው" አለች ኢቮን። እጇ በፕላኑ ላይ ቀረ።

ከጠረጴዛዋ ኋላ ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። አሥራ ሁለቱም ያው አንድ በር ናቸው፤ ብርሃኑ ብቻ ይለያያል። የቦታ ስም የለም። ኔሪዳ በሩን ጠዋት አይታዋለች።

"እርስዎ ያነሷቸው ናቸው?"

"እኔ ነኝ። የት እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ፤ ስለ ቦታዎቹ አናወራም። ስሙ የወጣ ቦታ በስድስት ወር ውስጥ ይሰባበራል።"

*

ረቡዕ ጠዋት ከልጅቷ ስልክ ውስጥ ያልተላከ መልእክት ተገኘ። የወረዳው አዛዥ ራሱ ደውሎ አነበበላት። "ኪራን፣ ጥበቃው በሩን ዘጋብኝ። ኮቴውን ሰማሁ። ሦስት ቁጥር ነኝ። ና አውጣኝ።"

"ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለ አዛዡ። "በራፉ ላይ ጽፎታል፤ አድርጎታል። ዓርብ ጠዋት መጥቼ ክስ እመሠርትበታለሁ።"

"ሚስቱስ?"

"በአረጋውያን ማቆያ አልጋ ተገኝቶላታል። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ጥሩ ቤት ነው ይላሉ።"

ኔሪዳ ስልኩን ዘጋችና ማንኪያውን አሰበች። እዚያ ጥሩ ቤት ውስጥ የማያውቃት ሰው ማንኪያ ይዞ ይቀርባል፤ ደልሲ አፏን ትገጥማለች። እስከ ዓርብ ሁለት ቀን ቀርቷል።

ቴቪታ የካሜራውን ምስሎች በኮምፒውተር ከፈተላት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ተነስቷል፤ በሩ የአንድ ስንዝር ያህል ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ ውስጥ ጡቡ ተሸጉጧል። ቀጥሎ የሥጋ መስቀያ መንጠቆዎች፣ ከክፍተቱ በምትገባው ቀጭን ብርሃን። የመጨረሻው ጥቁር ሊባል ጥቂት ነው የቀረው። የብርሃኗ መስመር ፈዝዛለች፤ ከታችዋ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ አንድ የጎበጠ ጥላ አለ።

"የካሜራው ዓይን ስምንት ደቂቃ ሙሉ ተከፍቶ ቆይቶ የተነሳ ምስል ነው" አለ ቴቪታ። "የሚንቀሳቀስ ሰው አይቀረጽበትም። ይሄኛው ግን ትንሽ ቆሟል።"

"ጎንበስ ብሏል" አለች ኔሪዳ። "ሊቆልፍብህ የመጣ ሰው ጡቡን በምን ያነሳዋል?"

"በእግሩ ነዋ። ይመታዋል፣ በሩን ይወረውረዋል።"

"ይሄኛው በእጁ ነው ያነሳው። ከዚያ ቦታው ላይ መለሰው። አረንጓዴውን ወደ ግድግዳ አዙሮ።"

ቴቪታ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። "ሥርዓት ያለው ነፍሰ ገዳይ።"

*

ኪራን ኦዴይ የመኪና ጎማ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ከብሪዮኒ ጋር ለሦስት ዓመት አብረው ባዶ ሕንፃዎች ውስጥ ገብተዋል፤ ከአንድ ወር በፊት ተጣልተዋል።

"ሰኞ ወደ ውጭ አገር ልትበር ነበር" አለ። "ከመሄዷ በፊት የቄራውን ስም ከፎቶዎቹ ጋር ኢንተርኔት ላይ ላወጣ ነው አለችኝ። 'ካወጣሽ እኔና አንቺ አበቃን' አልኳት። አበቃን።" በእጁ የያዘውን ጨርቅ ጠመዘዘ። "ቅዳሜ ግጥሚያ ነበረኝ። ጣቴን የሰበርኩት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ መላው ከተማ ሲስቅብኝ ነበር፤ ይጠይቁ።"

ቴቪታ አንገቱን ነቀነቀ። ከሳቁት አንዱ እሱ ነበር።

"ሕንፃ ውስጥ ኮቴ ብትሰማ ምን ታደርጋለህ?" አለች ኔሪዳ።

"መብራት አጥፍቶ ዝም ማለት ነው። ጥበቃው እስኪያልፍ አትተነፍስም።"

"ጥበቃ ባይሆንስ? እንደ አንተ ፎቶ የሚያነሳ ቢሆን?"

"እሱም ዝም ይላል" አለ ኪራን፤ ሊስቅ ምንም አልቀረው። "አንዴ የቆዳ ፋብሪካው ውስጥ ከአንድ ሰውዬ ጋር ሁለት ሰዓት ተደባብቀናል፤ እኔ እሱን ጥበቃ ብዬ፣ እሱም እኔን። መጨረሻ ላይ ሲያነጥስ ነው የተዋወቅነው።"

"ሌላስ ምን ደንብ አላችሁ?"

"ፎቶ እንጂ ምንም አትወስድም። ምንም አትሰብርም። ያገኘኸውን እንዳገኘኸው ትተዋለህ፤ ክፍት በር ክፍት፣ ዝግ በር ዝግ።" ዓይኑ ቀላ። "ኢቮን ናት ያስተማረችን። ሁላችንንም። ብሪዮኒን ከሁላችን በፊት።"

*

ሐሙስ ጠዋት ኔሪዳ ሊንድሴን ወደ ሦስት ቁጥር ክፍል ወሰደችው። በእግሯ ጫፍ ጡቡን አሳየችው።

"ይሄን ያውቁታል?"

ሽማግሌው ብዙ ቆሞ አየው። "ይሄ እዚህ ምን ይሠራል? ከተዘጋ ወዲህ የምዞረው ግቢውን ነው፤ እዚህ ድረስ ብዙ አልገባም። እዚያ ነው ቦታው" አለና የበሩን ክፈፍ ሥር አመለከተ። "የውስጡ መግፊያ እኔ ሥራ ስጀምርም ተሰብሮ ነበር። ባለቤቶቹ እናሠራለን እያሉ ከሰሩ። እኛ በሩን በጡብ ደግፈን ነበር የምንኖረው። ጡቡን የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ አንገቱን አስገብቶ 'ሰው አለ?' ብሎ ይጠራል። ሁለት ጊዜ። ሳይጠራ የዘጋ በዚያው ቀን ይባረራል፤ ከመባረሩ በፊትም አባትሽ በጥፊ ይለዋል።"

ኔሪዳ አባቷን ሰማችው። የቤታቸውን ጓዳ በር እንኳ ሲዘጋ፣ "ሰው አለ? ሰው አለ?" ይል ነበር። እናቷ ከምድጃው ሆና "ድንቹ ብቻ ነው ያለው፣ ፍራንክ" ትለዋለች። በልጅነቷ ያሳፍራት ነበር።

"ሊንድሴ፣ እርስዎ ሳይጠሩ ይህን በር መዝጋት ይችላሉ?"

"ተናድጄም ቢሆን? አፌ ቀድሞኝ ይጠራል" አለ። "ግን ይሄን ለአለቃሽ ብትነግሪው ይስቅብሻል።"

እውነቱን ነበር። ለአዛዡ የአንድ ሽማግሌ ልማድ ማስረጃ አይሆንም። እሷ ራሷስ እርግጠኛ ናት? የምታምነው ሊንድሴን ይሁን አባቷን አልለየችም።

የጡቡ ቦታ ክፈፉ ሥር ነው፤ የቄራ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ያስቀመጠው ሰው ግን ቦታው ግድግዳው ሥር መሰለው። ቄራው ከተዘጋ ወዲህ ብቻ የሚያውቀው ሰው ነው።

*

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ኢቮን መጻሕፍት ልትመልስ ወደ ኋላኛው መደርደሪያ እስክትሄድ ጠብቃ፣ ኔሪዳ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው አወረደች። በጀርባቸው በእርሳስ ቀን ተጽፏል። በስልኳ የቀን መቁጠሪያ አንዱን ቀን ፈለገች፤ ቅዳሜ። ሌላውን ፈለገች፤ ቅዳሜ። አሥራ ሁለቱም የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ ናቸው። አሥራ ሁለቱም ላይ በሩ ዝግ ነው፤ ጡቡ ግድግዳው ሥር ነው፤ አረንጓዴው አይታይም።

ያለፈው ቅዳሜ የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ ነበር።

"መቶ ሠላሳ አንድ አሉኝ" አለች ኢቮን ከኋላዋ። ፎቶዎቹ ስለ ወረዱ አልተቆጣችም። "አሥራ አንድ ዓመት፣ በየወሩ፣ ከአንድ ቦታ ቆሜ። ምንም ሳይነካ እንዴት እንደሚያረጅ ለማየት።"

"የዚህ ወሩ መቶ ሠላሳ ሁለተኛ ነው?"

"ገና ካሜራው ውስጥ ነው። ፊልም የማጥበው በወሩ መጨረሻ ነው።"

"ኢቮን፣ ቅዳሜ ሲደርሱ በሩ እንዴት ነበር?"

"ገርበብ ብሎ። አንዱ ባለጌ ጡቡን አንቀሳቅሶት" አለች፤ አሁንም በትንሽ ቅሬታ። "ወደ ቦታው መለስኩትና..."

እዚያው ላይ ቆመች። ሴትየዋ በእጇ የወንበሩን ጀርባ ፈለገች፤ ስታገኘውም አልተቀመጠችም።

"ወለሉ አይደለም" አለች በመጨረሻ።

"አይደለም። ሦስት ቁጥር ውስጥ ነበረች።"

"ድምፅ አልሰማሁም። ባትሪ አልይዝም፤ በቀን ብርሃን ነው የማነሳው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ክፍል ውስጡን አይቼ አላውቅም፤ በሩን ነበር የምወደው።" ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ለኔሪዳ የባሰ ነበር። "ኮቴዬን ሰምታ ነበር?"

"ጥበቃው መሰላት። መብራቷን አጠፋች።"

"ዝም አለች" አለች ኢቮን። "ኮቴ ስትሰሚ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ በማስታወሻ ደብተሯ ጻፈችው።"

ውጭ አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ መስኮቶቹ ተርገበገቡ።

ኔሪዳ የሚቀጥለውን መናገር አልፈለገችም፤ ግን ተናገረች። "ነገ ጠዋት ሊንድሴ ኩምብ ይከሰሳል። ልጅቷ ስልኳ ላይ ጥበቃው ነው ብላለች። እርስዎ ያሉኝን እኔ ሰምቻለሁ፤ ነገ ደግሞ አላልኩም ሊሉ ይችላሉ። ፊልሙ ግን እርስዎ እጅ ነው። ካሜራውን እዚሁ መውሰድ እችላለሁ፤ እስክደርስ ግን ክዳኑን ከፍቶ ፊልሙን በብርሃን ማቃጠል ለእርስዎ አንድ ሰከንድ ነው።"

ኢቮን ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች። ካሜራው እዚያ ነበር፤ አውራ ጣቷ ክዳኑ ላይ አረፈ። ኔሪዳ አልተንቀሳቀሰችም።

"ደልሲ ኩምብ የተዋሰችውን መጽሐፍ ከቀኑ አሳልፋ መልሳ አታውቅም ነበር" አለች ኢቮን። "ነይ። ቤቴ ቅርብ ነው።"

ፊልሙን ያጠበችው ልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ ነው፤ ውሃውን በክንዷ እየለካች፣ ደቂቃውን በከንፈሯ እየቆጠረች። አንድም ጊዜ እጇ አልሳተም። ወረቀቱ ገንዳው ውስጥ ሲንሳፈፍ መጀመሪያ የታየው እጀታው ነው፤ ከዚያ ጡቡ፤ ከዚያ በሩ በሙሉ፣ ዝግ። በቀይ መብራቱ ሥር ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው አዩት።

"ጥሩ ሆኖ ወጥቷል" አለች ኢቮን በልማድ። ወዲያው እርጥብ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

በዚያ በር ጀርባ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ልጅቷ በሕይወት ነበረች። ካሜራው እስኪታጠፍ፣ ኮቴው እስኪርቅ፣ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቅ ነበር።

*

ዓርብ አዛዡ መጣ፤ ፎቶውን አየ፤ ሁለት ጊዜ ተሳደበና ክሱን ቀደደው። የኢቮን ጉዳይ ወደ ዐቃቤ ሕግ ተላከ። ምን እንደሚባል፣ ምን ያህል እንደሚያስቀጣ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። እሷ ጠበቃ አልጠየቀችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ፎቶዎች ተመልሰው ግድግዳው ላይ እንዳይሰቀሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ባለቤቶቹ የማቀዝቀዣ ክፍሎቹን በሮች በብየዳ ሊያሽጉ ሁለት ሠራተኞች ላኩ። ኔሪዳ ሄደች፤ ማንም አልጠራትም ነበር። ኪራን በተጠቀለለ ጣቱ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፤ ካሜራ አልያዘም። ሊንድሴ ደልሲን ሸሚዝ ደርቦላት በተሽከርካሪ ወንበር አምጥቷታል፤ ማንኪያዋና ሳህኗ ጭኗ ላይ ናቸው።

በያጁ መሣሪያውን ለኮሰ። "በቃ፣ ሽማግሌው፣ ገለል በል። ባዶ ነው፤ አይተናል።"

"አንዴ ቆየኝ፣ ወዳጄ" አለ ሊንድሴ። እያነከሰ ወደ ሦስት ቁጥር ሄደ፤ አንገቱን ወደ ጨለማው አስገባ።

"ሰው አለ?"

ቡሹ ድምፁን ዋጠው። በያጁ ለጓደኛው ዓይኑን ጠቀሰ። ሊንድሴ ቀና አላለም፤ ጆሮውን ሰጥቶ ቆየ። ኔሪዳም ሳታስበው ትንፋሿን ያዘች።

"አየህ፣ የለም" አለ በያጁ።

"ሁለት ጊዜ ነው የሚጠራው" አለ ሊንድሴ። "መጀመሪያ ሲጠሩት ዝም የሚል ሰው አለ።"

እንደገና ጎንበስ አለ፤ በዚህኛው ጊዜ ኔሪዳም አብራው ጠራች።